ያልተለቀሰው ለቅሶ፦ ለጤና ሚኒስቴርና በየሰፈሩ ላሉ እድሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ባልደረቦች፣ የእድር ዳኞችና አባላት፤

እኔ በአዲስ አበባ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገብ እይዛለሁ፤ መዋጮ እሰበስባለሁ፤ ሰው ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ወንበር እንደሚያወጣ እከታተላለሁ። የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም። ሐዘንተኛ ቤት በመቀመጥ ግን ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። የምጽፍላችሁም ከዚያ ተነስቼ ነው።

በኮሮና ጊዜ የሞቱ ሰዎች ቤተሰቦች እርማቸውን አላወጡም። ይኸው ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም አላወጡም። ያኔ ለቅሶ የተከለከለው በበቂ ምክንያት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። በሽታው ሰው በተሰበሰበበት ይዛመት ነበር፤ ከለቅሶ ቤት የበለጠ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ደግሞ የለንም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ለቅሶውን ስንከለክል በቦታው ምንም አላስቀመጥንም። ሐዘንተኛው ብቻውን ቀረ። ወረርሽኙ ሲያልፍም ተመልሶ «እንዴት ከረምክ?» ያለው የለም። ይህ የጤና ጉዳይ ነው ብዬ ስለማምን ነው ደብዳቤውን በመጀመሪያ ለጤና ሚኒስቴር ያደረግሁት።

ያንን ጊዜ ትንሽ ላስታውስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ዋለ። መጋቢት 27 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዎች ሞት ሰማን። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደ ቻይናዋ ውሃን ከተማ በር ተዘግቶብን አልተቀመጥንም። የቀን ሠራተኛ ካልወጣ አይበላም፤ ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር። ግን መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ሳይቀር በደንብ ተከለከለ። ታክሲ በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ሆነ። ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት የኮሮና ማስጠንቀቂያ እንሰማ ነበር። ፋሲካን በቴሌቪዥን ቅዳሴ፣ ዒድን ቤት ውስጥ አሳለፍን።

ማታ ማታ ደግሞ ቁጥር ይጠበቃል። የያኔዋ ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ያወጡ የነበረውን ሪፖርት ማን ይረሳዋል? ዛሬ ይህን ያህል ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተያዘ፣ ይህን ያህል ሞተ። ይህን ሰምቶ መተኛት ከባድ ነበር። ብዙ ሰው እንቅልፍ አጣ። ሳል የሰማ ሁሉ ይደነግጥ ነበር። የ12ኛ ክፍል ልጆች የሚፈተኑበትን ቀን ሳያውቁ ወራት ጠበቁ፤ የተፈተኑት በቀጣዩ ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። እናቶች ሥራ ከቆመበት ባል፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ልጅና ከተወደደ ጤፍ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ዋሉ። ጭንቀት ያልገባበት ቤት አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ደረጃ በ25 በመቶ መጨመሩን ተናግሯል። ይበልጥ የተጎዱት ወጣቶችና ሴቶች ናቸው ብሏል። ስለዚህ ሁሉ ብዙ ተጽፏል። ስለ ለቅሶ ግን የተባለው ጥቂት ነው። እኔ የማውቀውም ይህንኑ ነውና እዚህ ላይ ልቆይ።

በእኛ አገር ሞት ዝም ብሎ አይነገርም። አንድ ሰው ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ቢያርፍ መጀመሪያ የሚሰሙት ቅርብ የሆኑ ግን ልባቸው የጠና ሰዎች ናቸው። ይመካከራሉ። ለሚስት ማን ይንገራት? ልጁን ማን ይያዘው? አያቲቱ ደም ግፊት አለባቸው፣ ምን ይደረግ? የሚነግረው ሽማግሌ ይመረጣል። ሊነጋጋ ሲል ሰዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ። ጎረቤት ውኃ ይዞ ደጅ ይቆማል። ጉልበት ያላቸው ሴቶች ከሐዘንተኛዋ አጠገብ ይሆናሉ፤ ስትወድቅ የሚይዟት እነሱ ናቸው። ከዚያ መርዶው ይነገራል። ጩኸቱ ሲሰማ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል።

ይህን ሥርዓት የሠሩ ሰዎች አንድ ነገር በደንብ ያውቁ ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ብቻውን መስማት የለበትም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚሁ ቀጣይ ነው። ጡሩንባ ነፊው ሰፈሩን ይዞራል። ድንኳን ይተከላል። ከቀብር መልስ እጅ ታጥቦ ንፍሮ ይቀመሳል። ሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ገብቶ ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጣል። ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ይሄዳል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዚያው ቀን ይቀብራሉ፤ ለተዕዚያ ይቀመጣሉ፤ ዱዓው ይቀጥላል። ሐዘንተኛው ማልቀስ ያለበት ቀን ተለይቶ ይሰጠዋል። መብላት ያለበት ቀንም፣ ወደ ሥራ የሚመለስበት ቀንም እንደዚሁ። ሐዘን መንገድ ይበጅለታል።

በኮሮና ጊዜ መርዶ በስልክ መጣ። በማይታወቅ ቁጥር፣ በማይታወቅ ድምፅ።

የሰፈራችን አንዲት እናት ባለቤታቸው በአምቡላንስ ተወሰዱ። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጡ፤ እኛ በመስኮት አየን። አብረው መሄድ አልተፈቀደላቸውም። ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ስልካቸው ጠራ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ጩኸታቸውን ሰምተን ሮጥን። ደጃፋቸው ላይ ስንደርስ ከውስጥ ሆነው «እባካችሁ እንዳትገቡ!» አሉን። ለእኛ ፈርተው ነው። በዚያች ሰዓት እንኳ ለእኛ ፈሩ። ስለዚህ በሩ ላይ ቆመን አለቀስን። ከዚያ እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ገባን።

ጡሩንባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። የቀብሩን ሥራ የሠሩት የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው። እድራችን ገንዘቡን ከፍሏል፤ መዝገቡ ላይ ተጽፏል። በደንባችን መሠረት ምንም አልጎደለም። እኚህ እናት ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ይሉኛል፦ «ፊቱን አላየሁም እኮ። እሱ ይሁን ሌላ ሰው በምን አውቃለሁ?» ስልክ በጠራ ቁጥር ይደነግጣሉ። የሌሎች ሰዎች ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ፤ እዚያ ከባለቤቱ በላይ ያለቅሳሉ። ሰው ይገርመዋል። እኔ አይገርመኝም። የራሳቸውን ነው የሚያለቅሱት።

ከዚህም የከፋ ነገር ነበር፤ መደበቅ። በ2012 ክረምት ላይ በዕለቱ ሪፖርት «ከአስከሬን በተወሰደ ናሙና» የሚል ሐረግ መስማት ጀመርን። ውጤት እስኪመጣ የሚጠብቅ ቤተሰብ ምን ብሎ ይጸልይ ነበር? ኮሮና ነው ከተባለ ሰው ይሸሻል። ስለዚህ ብዙዎች «ስኳር ነበረበት»፣ «ደም ግፊቱ ነው» እያሉ ቀበሩ። ውሸታቸው ከክፋት አልመጣም። ለሟቻቸው ለቅሶ ፈለጉ። ግን ያ ምስጢር እስከ ዛሬ ቤታቸው ውስጥ አለ። ልጆች አባታቸው በምን እንደሞተ በግልጽ አያወሩም። ተደብቆ የተያዘ ሐዘን ሰውን ቀስ እያለ ይጨርሳል፤ ይህን በዓይኔ እያየሁ ነው።

ጭንቀት ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ «ተጨንቄያለሁ» አይልም። «ጨጓራዬን» ይላል። «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ይላል። ታይፎይድ ይመረመራል፤ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል። በወሩ እንደገና ይመጣል። ጠያቂው ባለሙያ «ቤትህ ውስጥ የሞተብህ ሰው አለ?» ቢለው ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው አዲሱ የበሽታዎች ምደባ፣ ከስድስት ወር በላይ የቀጠለና የሰውን ኑሮ ያቃወሰ ከባድ ሐዘን ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና ችግር ሆኖ ተመዝግቧል። ምደባው የየማኅበረሰቡን ባህልና ሃይማኖት አብሮ ማየት እንደሚገባም ይናገራል። ማን ታሟል ማን አልታመመም ብሎ መወሰን የእኔ ሥራ አይደለም። የምለው፣ የሚያይ ሰው ይኑር ነው።

ያኔ ሌላ አማራጭ አልነበረም የሚሉኝ አሉ። ነበረ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2012 ባወጣው ጊዜያዊ መመሪያ ላይ፣ ቤተሰብ የሟቹን አስከሬን ማየት ከፈለገ ሳይነካና ሳይስም ማየት እንደሚችል ጽፏል። አስከሬን በጥድፊያ መቀበር የለበትም፤ የሟች ክብርና የቤተሰቡ ባህል ይጠበቅ ብሏል። ይህ ነገር ስንቱ ቤተሰብ ጆሮ ደረሰ? እኛ እድሮች አልሰማንም። በሩቅ ቆሞ ፊት ማየት ይቻል እንደነበር ቢነገረን ኖሮ፣ ያቺ እናት ዛሬ «በምን አውቃለሁ?» አይሉም ነበር።

ከእኛ በፊት በምዕራብ አፍሪካ የሆነውም ትምህርት ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ኢቦላ ሲገባ አስከሬኑ ራሱ በሽታውን ያስተላልፍ ስለነበር ሐዘንተኛው ሳይጠየቅ ይወሰድ ነበር። ላይቤሪያ ውስጥ አስከሬን እንዲቃጠል ታዘዘ። ሰዎች ምን አደረጉ? ሕመምተኞቻቸውን ደበቁ። በድብቅ ቀበሩ። በሽታው በዚያው ተስፋፋ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት አሠራሩን ለወጠው። የሃይማኖት አባቶችና ቤተሰብ የሚሳተፉበት፣ ጥንቃቄውም ክብሩም የተጠበቀ ቀብር የሚል መመሪያ አወጣ። ሟችን ማክበር በሽታውን ለመቆጣጠርም እንደሚረዳ እዚያ በግልጽ ታይቷል። የሐዘንተኛን ልብ መጠበቅ ቅንጦት ነው የሚል ካለ ይህን ይይ።

የጤና ባለሙያዎቹንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በዚያ ጊዜ ሟች አጠገብ የነበሩት እነሱ ብቻ ናቸው። የመጨረሻውን ቃል የሰሙት እነሱ ናቸው። በራሳቸው ስልክ ለቤተሰብ ድምፅ ያሰሙ ነበሩ። መርዶ የነገሩትም እነሱ ናቸው፤ እንዴት እንደሚነገር ማንም ሳያስተምራቸው፣ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው እየሮጡ። ቤታቸው ለመግባት ፈርተው ከልጆቻቸው ተለይተው ያደሩ አሉ። አከራይ ፊት የነሳቸውም አሉ። በእድር ቤት መርዶ ነጋሪን የሚያጽናና ሰው አይጠፋም። እነሱን ማን አጽናናቸው?

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮሮና ማከሚያ ሆኖ ሲመረጥ ቀድሞ የአእምሮ ሕክምና ይሰጥ ነበር። ሕመምተኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። አልጋ የግድ ያስፈልግ ነበር፤ ይገባኛል። ግን የአእምሮ ጤና ችግር ሊበዛ በሚችልበት ሰዓት የአእምሮ ሕክምና አልጋ ቀድሞ መነሳቱ ልብ የሚባል ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ከወዲሁ ይታሰብበት። «አማኑኤል ሄደ» መባል እስከ ዛሬ ስድብ በሆነበት ከተማ፣ እርዳታ ለመጠየቅ የደፈረን ሰው በር ዘግተን ልንመልሰው አይገባም።

በውጭ ያሉትም ከዚህ አላመለጡም። በዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን መርዶን በእኛው ወግ ነበር የሚነግሩት፤ ተሰብስበው፣ ቤት ሄደው። ያም ቆመ። በረራ ሲቋረጥ አስከሬን ወደ አገር መላክም ለብዙዎች ሕልም ሆነ። ቤይሩት ላይ የሆነው ግን ከሁሉ ያሳምማል። በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ አሠሪዎቻቸው እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጣሏቸው። ደመወዝ ያልተከፈላቸው፣ ፓስፖርት በእጃቸው የሌለ፣ አስፋልት ላይ ያደሩ ልጆች ነበሩ። ከሳዑዲም በሺዎች የሚቆጠሩ ተመላሾች መጡ፤ በየዩኒቨርሲቲው ለይቶ ማቆያ ገቡ። ሙቀታቸው ተለካ፤ ናሙና ተወሰደ። አሥራ አራት ቀን ሲሞላ ተሸኙ። ምን አይተው እንደመጡ የጠየቃቸው ስንት ሰው ነው?

ከዚያ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነት ጀመረ። ሐዘን በሐዘን ላይ ተደረበ። በጦርነት የሞተው ሲበዛ በኮሮና ስለሞተው ማውራት አሳፋሪ መሰለ። በይፋ የተመዘገበው የኮሮና ሟች ከ7,500 በላይ ነው። ያልተመረመረ፣ ያልተመዘገበ ስንት እንዳለ ደግሞ እያንዳንዱ እድር የራሱን መዝገብ ከፍቶ ይገምት። አንዱ ሐዘን ከሌላው በለጠ ብዬ ማወዳደር አልፈልግም። ግን የኮሮና ሐዘንተኞች ሁለት ጊዜ ተረሱ፤ መጀመሪያ በደንቡ ምክንያት፣ በኋላ በጦርነቱ ምክንያት። በሰሜን ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ላይ ተሸክመዋል። የእነሱ ጉዳይ የራሱ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደምጠይቃችሁ ልምጣ።

ለጤና ሚኒስቴር። የወረርሽኝ መመሪያችሁ ውስጥ ስለ ሐዘን አንድ ምዕራፍ ይግባ። ከእኛ ከእድሮች፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከቤተ እምነቶች ሁሉ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉት። ቀላሉን ልንገራችሁ። ሕመምተኛ ማከሚያ ሲገባ በሚሞላው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጨምሩ፦ «ክፉ ነገር ቢመጣ በመጀመሪያ የሚነገረው ሰው»። ሚስት ወይም እናት መሆን የለበትም። ወንድም፣ የንስሐ አባት፣ ጎረቤት፣ የእድር ዳኛ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሉ ለዚያ ሰው ይደውላል። ያ ሰው ማስኩን አድርጎ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ፣ ርቀቱን ጠብቆ ደጅ ላይ ይነግራል። ይህ ምንም በጀት አይጠይቅም። ለምን ወረርሽኝ እንደሚጠበቅም አይገባኝም፤ ዛሬውኑ በየሆስፒታሉ ሊጀመር ይችላል።

ፊት ማየት በሽታው በሚፈቅድበት ሁሉ ይፈቀድ፤ በመስታወትም ይሁን በሩቅ። ጨርሶ የማይቻል ከሆነ፣ ቤተሰቡ ከፈለገ ፎቶ ይነሳለት። መቃብሩ የት እንዳለ ተጽፎ ይሰጠው። ከቤተሰብ አንድ ሰው እንኳ መከላከያ ልብስ ለብሶ ይገኝ። ጀናዛ ማጠብ በማይቻልበት ጊዜ ምን እንደሚደረግ ኡለማዎቹ ይናገሩ፤ ፍትሐት እንዴት እንደሚደረስ አባቶች ይናገሩ። ቤተሰቡ መከላከያ ልብስ ለብሶ ከመጣ ባለሙያ ይልቅ ከእነሱ ሲሰማ ይቀበላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ አትርሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። የወለደች እናት ትጎበኛለች፤ የተከተበ ሕፃን ይታያል። የሞተበት ሰውስ? አርባው ካለፈ በኋላ አንዴ፣ ከመንፈቅ በኋላ አንዴ በሩን አንኳኩተው «እንቅልፍ ይወስድሃል? ትበላለህ? ሰው ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ። ከባድ የሆነበት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ተራ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሠልጥኖ የአእምሮ ሕመም ማከም እንደሚችል በጉራጌ በሶዶ ወረዳ ለዓመታት ተሠርቶ ታይቷል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞቻችን ከሕዝባችን ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ብቻ ከጠበቅን አንደርስም።

8335ን ያኔ ሕፃን ሽማግሌው ያውቀው ነበር። ትኩሳትና ሳል ለመጠየቅ ነፃ ስልክ መዘርጋት ከቻልን፣ ለጨነቀው ሰውም እንችላለን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ቀንና ሌሊት የሚመልስ፣ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው አንድ አጭር ቁጥር ይኑረን። ወረርሽኝ ሲያበቃም አይዘጋ።

ለእድሮች። ወንድሞችና እህቶች፣ እኛም የምንሠራው አለ። በኤችአይቪ ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ነበር። ሕመምተኛ አስታመዋል፤ ወላጅ ያጡ ልጆችን አሳድገዋል። ያኔ ሰው የሚሸሸውን በሽታ ደፍረን ገባንበት። ስለዚህ አዲስ ነገር እየጠየቅኋችሁ አይደለም። ውስጠ ደንባችንን እናውጣና እንየው። ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ድስትና ስለ መቀጮ ተጽፏል። ድንኳን መትከል በማይቻልበት ጊዜ ምን እንደምናደርግ የተጻፈ ነገር ግን በብዙዎቻችን ደንብ ላይ የለም።

ይጻፍ። ለምሳሌ ተራ ይውጣ፤ በየቀኑ ሦስት ሰው ሐዘንተኛው ደጅ ላይ ርቀቱን ጠብቆ ይቀመጥ። ምግብ ተሠርቶ በር ላይ ይቀመጥ። ሌሎቹ በተራ ይደውሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ሃምሳ ጊዜ እንዳይደወልለት፣ ሌላው ደግሞ ጨርሶ እንዳይረሳ ስም ዝርዝር ይያዝ። ሽማግሌዎች ስልክ ካልቻሉ የሰፈር ወጣት ያግዛቸው። ደግሞም ሁኔታው ሲሻሻል የሚደረግ ለቅሶ እንዳለ ለሐዘንተኛው ገና ከመጀመሪያው ቀን ይነገረው። ለቅሶ ዘግይቶ ቢመጣም ለቅሶ ነው። ከሩቅ አገር የሞተ ወንድሙን ከዓመት በኋላ ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው ስንት አለ? ወጉ አለን።

ይህን ሁሉ ያለፈ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ በ2018 ኅዳር ላይ ጂንካ ውስጥ ማርበርግ እንደተገኘ ላስታውሰው። ማርበርግ ከኮሮና ይለያል፤ የሟቹ አስከሬን ራሱ በሽታውን ያስተላልፋል። እንዲህ ባለ በሽታ ፊት መሳምም፣ አስከሬን ማጠብም ጭራሽ አይሆንም። ጥንቃቄው በጠበቀ ቁጥር ግን ሐዘንተኛው የሚያጣው ይበዛል። ስለዚህ ያን ያህል የሚሰጠው ነገር ሊበዛ ይገባል። ደንቡን ቀድመን ካልጻፍነው፣ በመጣብን ሰዓት እንደገና መርዶ በስልክ ልንሰማ ነው።

የእኛ እድር አንድ ነገር ወስኗል። በ2012 እና በ2013 ያለ ድንኳን ለቀበሩ የሰፈራችን ቤተሰቦች ሁሉ አንድ ድንኳን እንተክላለን። በምን እንደሞቱ አንጠይቅም። ስማቸው አንድ በአንድ ይጠራል። ቄሱም ሼሁም ፓስተሩም ተጋብዘው እሺ ብለዋል። ሴቶቹ ንፍሮውን ተከፋፍለው ይዘዋል። ሌሎች እድሮችም በየሰፈራችሁ እንዲሁ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ፤ ቀኑን አንድ ማድረግ ከቻልን ደግሞ የበለጠ ይሆናል።

ጤና ቢሮውን የምንጠይቀው ለዚያ ቀን አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲመደብልን ነው። ንግግር እንዲያደርግ አንፈልግም። ከሰው ጋር ተቀምጦ እንዲያዳምጥ፣ ከአንዳንዶች ጋር ለብቻ እንዲነጋገር፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ካለ የት እንደሚሄድ እንዲጠቁም ነው። የጥያቄ ደብዳቤውን በወረዳው በኩል አስገብተናል። መልሳችሁን እየጠበቅን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ
አዲስ አበባ